ያጠፋኸው ፋይል ዊል ውስጥ ተመልሶ የሚመጣበት ምክንያት

ወንድሜ፣ «ከፓይተን ኮዱ ያጠፋሁት ሞጁል (የኮድ ፋይል) ፓኬጁን ስጭነው ተመልሶ ቁጭ ይላል፤ ከመልቀቄ በፊት ሁልጊዜ በእጄ ማጽዳት አለብኝ እንዴ?» ብለህ ጠይቀሃል። አላበድክም። እኔንም ይሄው ጉድ አንድ ሌሊት እንቅልፍ ነስቶኛል።

ለአንድ መጋዘን የዕቃ መቆጣጠሪያ ሠርቼ በፍላሽ ነበር የማደርሰው። ለሙከራ ብዬ የዳታቤዝ ፓስወርድ የጻፍኩበት ፋይል ነበረኝ። አጠፋሁት፣ ጊት በሚባለው የኮድ ለውጥ መዝጋቢ ላይ ኮሚት አደረግኩ (መዘገብኩ)፣ እፎይ አልኩ። ሁለት ወር ቆይቶ የደንበኛው አይቲ ሠራተኛ ደወለና «ይቺ ፓስወርድ የእናንተ ናት?» አለኝ። ላብ አጠመቀኝ። መጀመሪያ ፓስወርዱን ቀየርኩ፤ ምርመራው ከዚያ በኋላ ነው።

ዊል (የፓይተን ፓኬጅ ታሽጎ የሚላክበት ፋይል) ስሙ ነው እንጂ ዚፕ ፋይል ነው። ሳልከፍተው በአንዚፕ ዳሽ ኤል ዝርዝሩን ሳየው ያ ፋይል እዚያው አለ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ሴትአፕቱልስ (ፓኬጁን የሚሠራው መሣሪያ) ኮድህን መጀመሪያ ቢልድ የሚል ፎልደር ውስጥ ሊብ ወደሚለው ይገለብጣል፤ ከዚያ ሊብ ውስጥ ያገኘውን ሁሉ ያሽጋል። አዲስ ፋይል ይጨምራል፣ የተቀየረውን ይተካል፤ አንተ ያጠፋኸውን ግን ከሊብ አያነሳም። ፒፕ (የፓይተን ፓኬጅ መጫኛው) ደግሞ ከ21.3 ጀምሮ (2021 ላይ የወጣው ነው) እንደ ድሮው ወደ ጊዜያዊ ቦታ ገልብጦ ሳይሆን እዚያው ፕሮጀክትህ ውስጥ ስለሚገነባ፣ ፎልደሩ ሳታስተውል ይፈጠራል።

ብዙ ሰው ጊት ክሊን የሚባለውን የማጽጃ ትእዛዝ ተጠቀም ይልሃል። ዳሽ ኤክስዲኤፍ ብለህ ስትመታው ግን በጊትኢግኖር (ጊት እንዳይመዘግባቸው በምትነግርበት ዝርዝር) የከለልከውንም ሁሉ ያጠፋል፣ ፓስወርድና ሴቲንግ የምታስቀምጥበትን ነጥብ ኢኤንቪ ፋይልህን ጨምሮ። የእኔ ሄዶ ቀርቷል። ከተጠቀምክበትም ቢያንስ መጀመሪያ ኤፉን በኤን ቀይረህ ምን ሊያጠፋ እንደሆነ አንብብ።

እኔ አሁን ማጽዳቱን ትቼዋለሁ። ጊዜያዊ ፎልደር ከፍቼ ከዚያው ከላፕቶፔ ላይ ጊት ክሎን አደርጋለሁ፣ የኮዱን አዲስ ቅጂ አወጣለሁ ማለት ነው። ኔት አይፈልግም፣ ሰከንዶች ነው የሚፈጀው። ክሎን የሚያመጣው ኮሚት የተደረገውን ብቻ ስለሆነ፣ ጊት ላይ አድ ማድረግ (መጨመር) የረሳሁት ፋይል ካለም እዚያው ይጋለጣል። «እኔ ጋ ይሠራል» የሚባለው በሽታ በአብዛኛው ከዚህ ነው የሚመጣው።

ከዚያ ፓይተን ዳሽ ኤም ቢልድ የሚለውን የማሸጊያ ትእዛዝ አስነሳለሁ። ምንም ሳትጨምርበት ካስነሳኸው መጀመሪያ ሶርሱን (ምንጭ ኮዱን) ያሽጋል፣ ዊሉን ደግሞ ከታሸገው ሶርስ ይሠራል፤ አሮጌው ሊብ መግቢያ የለውም። ዳሽ ዳሽ ዊል ካልከው ግን በቀጥታ ከፎልደርህ ነው የሚሠራው፣ አሮጌ ሊብ ያለበት ፎልደር ከሆነ ወደ ድሮው ችግር ተመለስክ ማለት ነው። አንድ ነገር፦ ይሄ ትእዛዝ ሴትአፕቱልስን ከኔት ለማውረድ ይሞክራል። ኔት የለም ከተባለ ሴትአፕቱልስን ቀድመህ በጫንክበት ቨርቹዋል ኢንቫይሮመንት (ለብቻው የተለየ የፓይተን ማስኬጃ ቦታ) ውስጥ ዳሽ ዳሽ ኖ አይሶሌሽን ብለህ አስነሳው።

ግዴታ እዚያው ፕሮጀክት ፎልደር ውስጥ እሠራለሁ ካልክ ቢልድን ብቻ ሳይሆን በኤግኢንፎ የሚያልቀውንም ፎልደር አጥፋ። ውስጡ ሶርስስ የሚል የፋይል ዝርዝር አለ፤ ከማኒፌስት (ምን እንደሚታሸግ ከምትወስንበት ፋይል) ያወጣኸው ፋይል ዲስክህ ላይ እስካለ ድረስ ከዚያ የድሮ ዝርዝር አንብቦ ሊመልሰው ይችላል። ይሄኛው እኔን ከመጀመሪያው በላይ ነው ያናደደኝ።

ጭነህ ስትሞክር ከፕሮጀክቱ ፎልደር ውጣ። እዚያው ሆነህ ኢምፖርት ካልክ ፓይተን የተጫነውን ትቶ አጠገቡ ያለውን ኮድ ሊያነሳልህ ይችላል፤ ያልሞከርከውን ፓኬጅ ሞከርኩ ብለህ ትልካለህ። እኔ አዲስ ቨርቹዋል ኢንቫይሮመንት ከፍቼ፣ ሆም ፎልደር ላይ ሆኜ፣ ኢምፖርት አድርጌ ሞጁሉ ከየት እንደተነሳ ፕሪንት አደርጋለሁ። አድራሻው ውስጥ ሳይት ፓኬጅስ (የተጫኑ ፓኬጆች የሚቀመጡበት ፎልደር) የሚል ካላየሁ ፍላሹን ከላፕቶፑ አልነቅልም።