ጾሙ ሜኑ ብቻ አይሁንባችሁ

ልጆቼ፣ ሠላሳ ዓመት ገደማ ሒሳብ ስሠራ የኖርኩ ሰው ነኝ። ምክሬ ብር ብር ቢሸት አትፍረዱብኝ።

ሁዳዴን መጾም በከተማ ቀሏል። የጾም በርገር አለ፣ የጾም ኬክ አለ፣ ማኪያቶውም በአኩሪ አተር ወተት ይሠራል። አልነቅፍም፤ ኬኩን እኔም እወደዋለሁ። የሚከነክነኝ ሌላ ነው። 55ቱን ቀን ስለሚበላውና ስለማይበላው ስናወራ የሰው ደመወዝ እንረሳለን። እኔ ረስቻለሁ።

ወጣት ሳለሁ አንድ የግንባታ ድርጅት ውስጥ ገንዘብ ያዥ ነበርኩ። የቀን ሠራተኞች በየዓርቡ ይከፈላቸዋል። የገብር ኄር ሰሞን፣ አንድ ዓርብ፣ በጾም ቅዳሴው የሚገባው ከቀትር በኋላ ስለሆነ እንዳላረፍድ ብዬ ካዝናውን ቆልፌ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ "ሰኞ ኑ" ብያቸው ወጣሁ። አንዲት ሲሚንቶ ተሸካሚ በር ላይ ጠበቀችኝ። በዕድሜ ታላቄ ሆና "ጋሼ" ነው የምትለኝ።

"ጋሼ፣ እኔም እኮ ጾሜን ነው የዋልኩት። ማታ የምቀምሰውን ነው የምጠይቅዎ።"

ጥያት ሄድኩ። ቆሜ አስቀደስኩ፣ ግን ጆሮዬ እዚያ በር ላይ ቀርቶ ነበር። ማታ ኢሳይያስ 58ን ገለጥኩ። ጾመን ሳለ ለምን አላየኸንም ለሚሉት ሰዎች መልሱ ስለ ምግብ አይደለም፤ በጾማችሁ ቀን ሠራተኞቻችሁን ታስጨንቃላችሁ ነው የሚላቸው። ያዕቆብም በ5፥4 የተከለከለ ደመወዝ ራሱ ይጮኻል ይላል። እሑድ ደግሞ የገብር ኄር ወንጌል ተነበበ፤ ጌታው ከብዙ ዘመን በኋላ ተመልሶ ከባሮቹ ጋር ሒሳብ የሚተሳሰብበት። ለሒሳብ ሠራተኛ ከዚያ የከፋ እሑድ የለም።

ሰኞ ከፈልኳት። አሻራዋን አኑራ ሄደች፣ ቀና ብላም አላየችኝ።

ዛሬ እኔ የነበረኝ ሰበብ እንኳ የላችሁም። በቴሌብር ብር መላክ ደቂቃ አይፈጅም። ቤታችሁ የምትሠራ ልጅ ካለች ወሯ ሲሞላ ሳትጠይቃችሁ ክፈሏት። ጾም ነው ብላችሁም ሽሮውን፣ ምስሩን፣ ሱፍ ፍትፍቱን፣ ስልጆውን ባንድ ቀን አታዟት፤ እሷም ጾመኛ ናት፣ ያውም ምድጃ ሥር ቆማ። የልብስ አጣቢዋም፣ የዘበኛውም እንደዚሁ። ዓርብ ወደ ቅዳሴ ስትወጡ መጀመሪያ ያለባችሁን ላኩ። ከዚያ ስልኩን አጥፉትና ግቡ።