ካቡቶሙሺው እስከ መቼ ይቆያል?

ሰላም እህቴ። «የ5 ዓመት ልጄ ከመዋዕለ ሕፃናት ካቡቶሙሺ የሚሉትን ቀንዳም ጥንዚዛ በሣጥን ይዞ መጣ። ሐብሐብ እየሰጠሁት ነው። ይናከሳል ወይ? እስከ መቼስ ይቆያል?» ብለሽ ለጠየቅሽው ነው። እኔም እዚሁ ቶኪዮ፣ ካትሱሺካ ስለምኖር ይኼ ዕዳ ደርሶኛል። ልጄ መጀመሪያ ሲያመጣው «ውጪ አስቀምጠው!» ነበር ያልኩት። ይኸው ሦስተኛ በጋችን ነው። በጋ ስል የጃፓኑን ነው፤ አገር ቤት ዝናቡን ሲያወርደው እዚህ በሙቀት እንቀቀላለን።

አይናከስም። ቀንዱም ከመሰሎቹ ጋር ለመታገል ነው። ግን እግሩ ጥፍር አለው፤ እጅ ላይ ከተጣበቀ ያማል። ያን ጊዜ ጎትተሽ እንዳታላቅቂው፣ እግሩ ይበጠሳል። ከኋላው ነካ ነካ ስታደርጊው ራሱ ወደ ፊት ይሄዳል። ልጁ ማንሳት ከፈለገ በትልቁ ቀንድ ሳይሆን ከሱ ኋላ ባለችው ትንሿ ቀንድ ይያዘው። እንደ ጉጠት የተከፈተ መንጋጋ ያለው ኩዋጋታ ከሆነ ግን ጣቱን ይጠብቅ፤ እሱ ይቆነጥጣል።

ሐብሐቡን ተዪው። ውሃው ስለሚበዛ ያስቀምጠዋል፤ ሣጥኑ ይጨቀያል፣ ይሸታል፣ ትንንሽ ዝንብ ይወርሰዋል። ጫካ ውስጥ የሚኖረው ኩኑጊ ከሚባለው ዛፍ የሚወጣውን ፈሳሽ እየላሰ ነው። በሱ ፋንታ በትንንሽ ኩባያ የታሸገ የጥንዚዛ ጄሊ 100 የን ሱቅ ውስጥ አለ። ማታ ማታ ስጪው፤ ቀን ተኝቶ ሌሊት ነው የሚነሳው። ሌሊት ክዳኑን ሲደበድብ ሌባ የገባ ይመስልሻልና አትደንግጪ። ብቻ ክዳኑን በደንብ ግጠሚው፣ ጉልበቱ አይጣል ነው።

ሣጥኑ ውስጥ ማቶ የሚሉትን፣ ከበሰበሰ እንጨትና ቅጠል የተሠራውን አፈር 10 ሳንቲ ያህል ሙዪ። እርጥበቱን በእጅሽ ጨብጠሽ እዪው። ተጣብቆ ከቀረ፣ ውሃም ካልጠፈጠፈ ልክ ነው። ላዩ ላይ እንጨትና ቅርፊት ጣል ጣል አድርጊበት። ይኼ ለጌጥ አይደለም። በጀርባው ሲወድቅ የሚይዘው ካጣ መገልበጥ ያቅተዋል፤ ሲፍጨረጨር ያድርና ጉልበቱን ይጨርሳል። ሁለት ወንድ አንድ ላይ አታኑሪ፣ ይጣላሉ።

የመጀመሪያውን የገደልኩት እኔ ነኝ። ሽታውን ፈርቼ በረንዳ ላይ አወጣሁት። የከሰዓት ፀሐይ ያንን የፕላስቲክ ሣጥን ምድጃ አደረገው። ልጄ ያን ቀን እራት አልበላም። ላባብለው ብዬ፣ ልጅ ሳለን የጥንዚዛ እግር ላይ ክር አስረን እናበር እንደነበር ባወራለት ጭራሽ አረመኔ አደረገኝ። ስለዚህ ጥላ፣ ነፋሻ ቦታ፣ ቤት ውስጥ።

እድሜውን ለልጁ ከአሁኑ ንገሪው። በደንብ ብትይዢውም ኦገስት መጨረሻ ወይም ሴፕቴምበር ላይ ይሞታል፤ ተፈጥሮው ነው። «ተኝቶ ነው» እንዳትይው፣ ይጠብቃል። እኔ ብዬው ሳምንት ሙሉ በየጠዋቱ ሊቀሰቅሰው ሞከረ። ረጅም ጊዜ የሚቆይ ከፈለገ ኮኩዋጋታ የሚባለው ትንሹ የኩዋጋታ ዓይነት የብርዱን ወራት አልፎ ሁለት ሦስት ዓመት ሊኖር ይችላል።

አሁን ዋናው ነገር። በሁለተኛው ዓመት ወንድና ሴት ነበሩን። ሁለቱም ሲሞቱ አፈሩን በቆሻሻ ከረጢት ልጥል ስል ልጄ «እስቲ ልየው» አለ። ጋዜጣ ላይ ብንዘረግፈው ነጫጭ ትሎች ተጠቅልለው ተኝተዋል። ቆጠርን፣ 19! እነዚህ የጥንዚዛዎቹ ልጆች የሚበሉት አፈሩን ራሱን ነው። የአውራ ጣት ያህል እስኪወፍሩ ማቶ ስገዛ ከረምኩ። ላዩ ላይ እንደ ፍሬ ያለ ኩስ ሲበዛ አዲስ አፈር ይጨመራል። አብዛኞቹን ለጎረቤት ልጆች አከፋፈልን። ከሌላ አካባቢ የመጣ ዘር ከሰፈሩ ጋር እንዳይደባለቅ መናፈሻ ውስጥ አይለቀቅም። ሜይ አካባቢ አፈር ውስጥ ጎጆ ሠርተው ቅርጻቸውን ሲቀይሩ ሣጥኑን መነቅነቅም መቆፈርም የለም። ያስቀረናቸው አራቱ ጁን መጨረሻ ላይ ቀንድ አውጥተው ብቅ አሉ። እኔ ራሴ ጮህኩ።

የናንተው ግን ብቻውን ነው ወይስ ቀንድ የሌላት ጓደኛ አለችው? ካለችው ሴት ናትና አፈሩን እንዳትጥዪው።