ለባቦጋያ ሐይቅ ምን ዓይነት ተንሳፋፊ ጎማ ልግዛ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው። እሑድ እሑድ ቢሾፍቱ ወርጄ ባቦጋያ ላይ ቆሮሶ አጠምዳለሁ። ከዳር ሆኜ ስወረውር መንጠቆዬ ሣር እየያዘ ስላስቸገረኝ ፍሎት ቲዩብ የሚባለውን፣ ተቀምጠው በእግር እየቀዘፉ የሚያጠምዱበትን ጎማ ከውጭ ላስመጣ ነው። ክብ፣ ዩ እና ቪ ቅርጽ ያለው አለ አሉኝ። ክብደቴ 86 ኪሎ ነው። ወይስ የጭነት መኪና ከመነዳሪ ላይ መቀመጫ ባሰፋ ይበቃኛል? የአባ ሳሙኤል ግድብም ለሰፈሬ ቅርብ ስለሆነ እዚያ ብጠቀምበትስ?

መልስ፦ ክቡን ይተዉት። ሲገቡም ሲወጡም እግርዎን በመሃሉ ቀዳዳ ማሳለፍ አለብዎት፤ ፊን የሚባለውን የእግር መቅዘፊያ ያጠለቀ እግር ደግሞ በቀላሉ አያልፍም። ቢገለበጥ እዚያው ተይዘው ይቀራሉ። የከመነዳሪውም ችግር ይኸው ነው፤ በዚያ ላይ አንድ ክፍል ብቻ ስለሆነ ከተበሳ የሚይዝዎት ነገር የለም።

ዩ እና ቪ ፊታቸው ክፍት ነው። ቪው ነፋስ ላይ ሲቀዝፉት ይቀላል። ባቦጋያ ግን የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ነው፤ ከዳር ጥቂት እንደራቁ ይጠልቃል፣ መሃሉም ወደ 65 ሜትር ይደርሳል። ቆሮሶ የሚፈለገው ዳር ዳሩን ስለሆነ ዩው ይበቃዎታል። ከቅርጹ ይልቅ ሻጩን አጥብቀው የሚጠይቁት ሌላ ነው፦ ግራና ቀኙ ለየብቻ ይነፋል ወይ? መደገፊያውስ የራሱ አየር አለው? የፊቱ ዘለበት በአንድ እጅ ይፈታል? አንዱ ከጎደለ አይግዙ። ክብደትዎ ላይ ልብስና ዕቃ 10 ኪሎ ቢጨምር 96 ይሆናል፤ ስለዚህ 125 ኪሎ ወይም ከዚያ በላይ የሚሸከመውን ይምረጡ። ልክ በልክ የሆነው አያሰምጥም፣ ግን መቀመጫው ወደ ውኃው ይወርድና ወገብዎ ሲበርደው ይውላል።

ለመሙላት ጎሚስታ ጋ አይውሰዱት። የመኪና ጎማ ወደ 30 ፒ.ኤስ.አይ. (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) ይይዛል፤ ይህ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ነው፤ ላዩ ላይ የተጻፈውን ይመልከቱ። ኮምፕረሰሩ ስፌቱን በሰከንዶች ይተረትረዋል። የእጅ ወይም የእግር ፓምፕ ይበቃል። በማለዳ ብርድ ጥርቅም አድርገው ሞልተው ፀሐይ ላይ ከተዉት አየሩ ሲሞቅ ይወጠርና ሊፈነዳ ይችላል፤ ዳር ላይ ካቆዩት ትንሽ ያስተንፍሱት። ውኃ ላይ ሲቀዘቅዝ ቢላላ ተበስቷል ብለው አይደንግጡ፣ ጨምረው ይሙሉት። የጎሚስታ ማስቲሽ የተሠራው ለጎማ ነው፤ ፍሎት ቲዩብ በሚሠራበት ፒ.ቪ.ሲ. በሚባለው ፕላስቲክ ላይ ውሎ አድሮ ይላቀቃል። ከዕቃው ጋር የራሱን ማጣበቂያ አብረው ያስመጡ።

ፊን አድርገው ወደ ውኃው ሲገቡ የኋሊት ይራመዱ፤ ወደፊት ከሄዱ ጫፉ ይታጠፍና በፊትዎ ይደፋዎታል። ላይፍ ጃኬት ዳር ላይ ሳሉ ይልበሱ። ነፋስ ካለ መጀመሪያ ነፋሱ ወደሚመጣበት ይቅዘፉ፤ ሲደክምዎት ራሱ ይመልስዎታል።

አባ ሳሙኤልን ይርሱት። የአቃቂ ወንዝ የከተማውንና የፋብሪካውን ፍሳሽ ይዞ የሚገባው እዚያ ነው፤ እርስዎ ደግሞ እግርዎን ነክረው ነው የሚውሉት። እምቦጩም ፊኑን ይጠልፈዋል። ቆቃ ላይም በዚህ ጎማ አይውጡ፤ ጉማሬና አዞ አለበት።