ትጥቄ አሻንጉሊት መሰለብኝ፣ ምን ላድርገው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የሳይንስ ፊክሽን ወታደር የሚለብሰው ዓይነት ሙሉ ትጥቅ ከኢቪኤ ፎም (ስፖንጅ መሰል ለስላሳ ፕላስቲክ) ሠርቻለሁ። ደረት፣ ትከሻ፣ ክንድ፣ ጭን፣ ቅልጥም፣ ሁሉም አለው። ቅርጹን ወድጄዋለሁ። አረንጓዴ ቀለም ቀብቼ ስጨርስ ግን አሻንጉሊት መሰለ። ጦር ሜዳ የዋለ እንዲመስል ብዬ ጥቁር ቀለም በጨርቅ አሸሁበት፤ ይኸው አሁን የቆሸሸ አሻንጉሊት ሆነ። ወገቡ ላይም ቀለሙ መሰነጣጠቅ ጀምሯል። ልጣለውና እንደ አዲስ ልጀምር ወይስ ይድናል?

መልስ፦ ይድናል ወንድሜ፣ እንዳትጥለው። ቅርጹን ከወደድከው ከባዱ ሥራ አልቋል። የቀረው የቀለም ጉዳይ ነው፣ እሱ ደግሞ ይስተካከላል።

እኔ ወደ አልባሳት ሥራ የመጣሁት ከብየዳ ነው። ፎም ከመንካቴ በፊት ለዓመታት ብረት ስቆርጥና ስበይድ ነበር። ለዚህ ነው መሰለኝ ትጥቅ ሳይ መጀመሪያ የምጠይቀው "ይሄ ከምን ተሠራ?" ብዬ ነው። ፎም መሆኑንማ አውቃለሁ። የምጠይቀው በታሪኩ ውስጥ ከምን እንደተሠራ ነው። ወታደርህ የለበሰው ብረት ነው? አሉሚኒየም ነው? ወይስ ጠንካራ ፕላስቲክ? ይህን ሳትወስን ብሩሽ አታንሳ።

ሁሉም የሚያረጀው በየራሱ መንገድ ነዋ። ቀለም የተቀባ ብረት ሲጋጭ ቀለሙ ይላጥና ብረቱ ይወጣል። ከዋለ ካደረ የተላጠው ቦታ ዳር ዳሩን ቡናማ ዝገት ይይዛል። ዝናብ ሲመታው ዝገቱ ከብሎኑ ሥር ተነስቶ ወደ ታች ይወርዳል። አሉሚኒየም ግን ቀይ ዝገት የሚባል ነገር አያውቅም። ይደበዝዛል፣ ሲብስበት ነጣ ያለ ዱቄት ያወጣል። ከውስጥም ከውጭም አንድ ቀለም የሆነ ፕላስቲክ ደግሞ ቢጫር ብርማ ነገር ከየት ይመጣል? ጭረቱ ነጣ ብሎ ይቀራል እንጂ። ነጭ ፕላስቲክ ነው በተባለ ትጥቅ ላይ ብርማ ጭረት የሚነሰንሱ ልጆች አያለሁ። የሚያየው ሰው ምክንያቱን ባያውቅም የሆነ ነገር እንዳልተዋጠለት ይሰማዋል።

ያንተን አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ብረት ነው ብለን እንቀጥል።

መጀመሪያ ስንጥቁ። ፎም ይታጠፋል፣ ደረቅ ቀለም አይታጠፍም፤ ስለዚህ ይሰነጠቃል። የተሰነጠቀውን ቀለም እስከ ፎሙ ድረስ ፍቀህ አንሳው። ባዶው ፎም ላይ ብቻ ሂት ገን (ሙቅ አየር የሚነፋ መሣሪያ) አሳልፍበት፤ ቀለም ያለበትን አታሙቅ፣ መጥፎ ጭስ ያወጣል። ፎሙ ሲሞቅ ቀዳዳዎቹ ይዘጋሉ፣ ፊቱም ትንሽ ያብረቀርቃል። ያኔ አቁም። ከዚያ እንደ ጎማ የሚለጠጥ ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባ መነሻ) በስሱ ንፋበት። አንድ ወፍራም ንብርብር ከምትለጥፍ ብዙ ስስ ብትደርብ ይሻላል፣ እያንዳንዱም ይድረቅ። ይህ ከሌለህ ነጭ የእንጨት ኮላ በትንሽ ውሃ አቅጥነህ ደጋግመህ ቀባው። ከላይ አክሪሊክ (በውሃ የሚቀጥን ቀለም) ይሄድበታል።

ወገቡን ግን በፕራይመር ብቻ አታልፈውም። ሁልጊዜ የሚታጠፍ ቦታ ላይ የትኛውም ቀለም አይበረክትም። ደግሞስ ብረት ወገብ ላይ ይታጠፋል እንዴ? የእውነት ጥሩር የሚተጣጠፈው መጋጠሚያው ላይ ነው። ፎሙን በአግድም ቆራርጠህ አንዱን ሳህን (የትጥቁን ቁራጭ ማለቴ ነው) በአንዱ ላይ ትንሽ ደርበው፣ ከውስጥ በሰፊ ላስቲክ አያይዛቸው። ስትጎነበስ ሳህኖቹ ይንሸራተታሉ፣ ቀለሙም አይነካም። ብረት ነው ብሎ ለማመንም የሚረዳው ይኸው ነው።

ፎሙ የተጣበቀባቸው መስመሮች ከታዩ ሁሉንም ለመድፈን አትድከም። ጎልቶ የሚታየውን በሚለጠጥ መሙያ ሙላና በብርጭቆ ወረቀት አለስልሰው። ሌላውን ወደ ንድፍ ለውጠው፦ ቀለሙን ከፋቅክ በኋላ በስለታም ከተር የፎሙን ውፍረት ግማሽ ያህል ሰንጥቅና በሂት ገን አሙቀው። ስንጥቁ ራሱ ተከፍቶ የሁለት ብረቶች መጋጠሚያ ይመስላል። የከተሩን ምላጭ ቶሎ ቶሎ ቀይር። የዶለዶመ ምላጭ ፎም ይበጣጥሳል።

አሁን ወደ ማስረጀቱ። ያሸኸውን ጥቁር በአረንጓዴው ሸፍነው። ቆሻሻ ድፍን ጥቁር ሆኖ አይቼ አላውቅም። ጥቁርና ቡናማ አክሪሊክ ቀላቅል፣ ውሃ እስኪመስል አቅጥነው። አንድ ሳህን ላይ ብቻ ቀባና ሳይደርቅ በእርጥብ ጨርቅ ከላይ ወደ ታች ጥረገው። ስርጉዱና ማዕዘኑ ውስጥ የቀረው ይበቃል። ወደ ታች ያልኩህ ዝናብም ዘይትም ወደ ታች ስለሚወርድ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው የምወደው ክፍል ነው። የትከሻውን ሳህን አንሳና እጅህን አወዛውዝ። የታችኛው ጠርዙ ክንድህን የሚነካው የት ጋ ነው? ፊት ለፊቱ ከደረቱ ጋር የሚፋተገው የት ነው? ቀለሙ የሚላጠው እዚያ ነው። መሃሉን ማን ነካው? ምናልባት አንድ ጥይት ጨርፎት አልፎ ይሆናል፣ አለቀ። የተቀደደ ስፖንጅ ጥቁር ቡናማ ቀለም ንከር፣ ወረቀት ላይ መታ መታ አድርገህ ትርፉን አስወጣ፣ ከዚያ ጠርዙን ነካ ነካ አድርገው። ሲደርቅ በቀጭን ብሩሽ መሃል መሃሉ ላይ ብርማ ጨምር፣ ግን ቡናማው ዙሪያውን እንደ ክር ይታይ። ያ ቡናማ ክር ቀለሙ ውፍረት እንዳለው፣ ከሥሩም ብረት እንዳለ ያሳምናል። ከሁሉም የምሳሳለት እሱ ነው፤ ብዙ ሰው ግን ይዘለዋል።

በዚሁ ዓይን ሌላውን ተመልከት። ክንዱ ከጎን የሚታከክበት፣ መሣሪያ የሚንጠለጠልበት ጭን፣ የሚንበረከክበት ጉልበት። ቅልጥሙ ከታች አቧራ ይልበስ፣ ወደ ላይ እየሳሳ ይሂድ። ሰፋ ያለ ልጣጭ የምትፈልግበት ቦታ ካለ መጀመሪያ ብርማ ቀባ፣ እሱ ሲደርቅ የፀጉር ስፕሬይ ንፋበት፣ ከላይ አረንጓዴ አክሪሊክ ቀባ። አረንጓዴው እንደደረቀ ብዙ ሳትቆይ በእርጥብ ብሩሽ ስትፈትገው ስፕሬዩ በውሃ ይለቅና ከላይ ያለውን ቀለም ይዞ ይነሳል።

ጀርባው ላይ የጭስ ማውጫ ወይም ሞተር ካለህ የብየዳ ሰው ምክር ልጨምርልህ። ያልተቀባ ብረት ሲግል ቀለም ይለዋውጣል። ወደ እሳቱ የቀረበው ሰማያዊ ነው፣ ቀጥሎ ሐምራዊ፣ ከዚያ ቡናማ፣ ዳር ላይ የገለባ ቢጫ። ቅደም ተከተሉን ጠብቀህ በጣም በስሱ ቀባው። ከተገለበጠ ብረት የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይነቃብሃል።

በመጨረሻ የማያብረቀርቅ ቫርኒሽ ንፋና ይድረቅ። የመጻፊያ እርሳስ ዱቄት (ግራፋይት) በጣትህ ጠርዞቹ ላይ የምታሸው ከዚያ በኋላ ነው፤ ቫርኒሽ ከላዩ ከሄደበት የብረት ወዙ ይጠፋል። በየመሃሉ ትጥቁን አቁመህ ራቅ ብለህ እየው፣ ፎቶም አንሳው። ከሩቅ "በቃ" ካለህ አትጨምርበት።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ትጥቄን የምሠራው መኝታ ክፍሌ ውስጥ ነው። ማስቲሹ ራሴን ያዞረኛል። የአቧራ ማስክ አደርጋለሁ፣ ግን ለውጥ የለውም። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ዛሬውኑ ከዚያ ክፍል ይዘሽው ውጪ። የአቧራ ማስክ ፎም በብርጭቆ ወረቀት ስታለሰልሺ ጥሩ ነው። የማስቲሽ ትነት ግን ሰተት ብሎ ያልፈዋል። ለትነት የተሠራ፣ የከሰል ማጣሪያ ያለው ጭንብል ያስፈልግሻል። ጭንብሉ ኖሮም ቢሆን አየር በደንብ የሚዘዋወርበት ቦታ ሥሪ። ትነቱ እሳት ይይዛል፤ ሂት ገንም ሲጋራም አጠገቡ አይድረሱ። ራስሽን ካዞረሽ ሥራውን ተይና አየር ተቀበዪ።

አጠቃቀሙንም ልንገርሽ፣ ብዙ ሰው አብዝቶ ስለሚቀባ ነው የሚታፈነው። ሁለቱንም ፊት በስሱ ቀቢ፣ አሥር ደቂቃ ያህል ተዪው። በጣትሽ ስትነኪው እርጥብ ሳይሆን ያዝ የሚያደርግ ከሆነ ደርሷል። ከአንዱ ጫፍ ጀምረሽ በጥንቃቄ ግጠሚ፣ አንዴ ከተነካካ ማንሸራተት የለም።

ጥያቄ፦ በስሪዲ ፕሪንተር የታተመ የራስ ቁሬ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ውሎ ተጣመመ። ፎሙ ግን ምንም አልሆነም። ለምን?

መልስ፦ የታተመበት ፕላስቲክ ፒኤልኤ ሳይሆን አይቀርም። ፒኤልኤ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይለሰልሳል፣ ዝግ መኪና ውስጥ ደግሞ ፀሐይ የሚመታው ነገር እዚያ ሊደርስ ይችላል። ፎሙም ቢሆን ከባድ ነገር ተጭኖበት ከሞቀ ይጨፈለቃል፣ አትመነው። ቁሩ ብዙ ካልተበላሸ በሞቀ ውሃ አለስልሰህ ወደ ቅርጹ ለመመለስ ሞክር፣ ጓንት ግን አድርግ። ድጋሚ የምታትመው ከሆነ ፒኢቲጂ በሚባለው አሳትመው፤ ከፒኤልኤ የተሻለ ሙቀት ይችላል።