የምታስታጥብ ጄሪካን

ጥያቄ፦ እናቴ ለበዓል ከገጠር ሲመጡ «እጃችንን በሳሙና እንታጠብ» የሚለውን የቴሌቪዥን መልእክት በቃላቸው እስኪይዙት ድረስ ያዩታል። አገር ቤት ሲመለሱ ግን እንደ ድሮው በውሃ ለቅለቅ ብቻ ነው። ምን ብዬ ላስረዳቸው? (ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ ማስረዳቱን ይተዉት፤ ገብቷቸዋል። በስክሪኑ ላይ የሚታየው ቧንቧ ከፍቶ የሚታጠብ ሰው ነው። እናትዎ ዘንድ ግን ውሃ በጀርባ ታዝሎ ይመጣል፤ ሳሙናውም ለልብስ ተብሎ ተቀምጧል። ለማዕድ ሲሆን አስታጣቢ አይጠፋም። ከመጸዳጃ ቤት ሲወጡ፣ ሕፃን አጽድተው ሲነሱ ግን ማን ያስታጥባቸዋል? በቆሸሸ እጅ ጣሳ ይዞ መቅዳትም አይሆንም። ስለዚህ አስታጣቢ ይሥሩላቸው።

ባለ 5 ሊትር የዘይት ጄሪካን በደንብ አጥበው፣ ከክዳኑ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብለው በጋለ ቀጭን ሚስማር አንድ ቀዳዳ ይብሱ። ሁለት ሜትር የሚረዝሙ፣ ጫፋቸው ባላ የሆነ ሁለት እንጨቶችን በ70 ሴንቲ ሜትር ርቀት፣ ግማሽ ሜትር ቆፍረው ይትከሉ። ጄሪካኑን በእጀታው በኩል በአግዳሚ እንጨት ያንጠልጥሉት። ከአንገቱ የታሰረው ገመድ ወርዶ መሬት ላይ ያለ የእግር መርገጫ እንጨትን አንድ ጫፍ ከፍ አድርጎ ይይዛል። ሲረገጥ ጄሪካኑ ያዘነብላል፣ ውሃው በቀጭኑ ይወርዳል። ውሃ የሚሞላው እስከ ቀዳዳው ድረስ ብቻ ነው። ሥሩ ጠጠር ካልተነጠፈ ጭቃ ይሆናል።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ሁለት ቦታ ላይ ነው። ቀዳዳው ከሰፋ ውሃው ረፋድ ሳይሆን ያልቃል፤ ያለቀ ጄሪካን ደግሞ ሁለት ቀን ከዋለ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ገመዱ ካጠረ ጄሪካኑ ዘንበል ብሎ ይቀርና ሲንጠባጠብ ያድራል።

ሳሙናውን በስተው በሲባጎ ቢያንጠለጥሉትም ዝናብ ያሟሟዋል፣ ቁራም ይሰርቀዋል (ቀልድ አይደለም)። የተቆረጠ የፕላስቲክ ጠርሙስ እንደ ጣሪያ ይድፉበት። ከዚህ የሚረክሰው 30 ግራም የዱቄት ሳሙና በ1.5 ሊትር ውሃ በጥብጦ፣ ክዳኑ በተበሳ ጠርሙስ ማንጠልጠል ነው። ሳሙና ጨርሶ ከጠፋ የተነፋ፣ ደረቅ አመድ ይረዳል፤ እርጥብ ከሆነ ይጓጉላል። በየትኛውም ቢሆን መዳፍ፣ የጣት መካከልና ጥፍር ሥር 20 ሰከንድ መታሸት አለበት።

የሕፃን ዓይነ ምድር «ንጹህ ነው» የሚባለውን ግን ማስረዳት ይገባዎታል። እሱም ተቅማጥ የሚያመጡ ጀርሞችን ይይዛል፤ እናት ሳትታጠብ ሊጥ ካቦካች ለቤተሰቡ በሙሉ ይደርሳል።

ጄሪካኑ አንድ ብቻ ከሆነ ከመጸዳጃው በር ጎን ይቁም፤ ሁለተኛ ከተገኘ ማድ ቤት ደጃፍ። ተከላውን ካልቻሉ በቀበሌው ያሉትን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ያማክሩ፤ ሥራቸው ነው። ጠዋት ጠዋት የሚሞላውን ልጅ ግን እናትዎ ራሳቸው ይምረጡ።