ዋይፋዩን ከኬዙ ጀርባ አውጡት

በዚህ ወር ከደረሱን ጥያቄዎች ሦስቱ በአንድ ጉዳይ ላይ ናቸው፤ ዋይፋይ የሌለው የቆየ ዴስክቶፕ። አንድ ላይ ብመልሳቸው ይሻላል ብያለሁ።

ጥያቄ፦ ከአሥር ዓመት በላይ ያገለገለ ዴስክቶፕ አለኝ። ራውተሩ ሳሎን ነው፣ ኮምፒውተሩ መኝታ ቤት። ገመድ ልዘርጋ እንዳልል ቤቱ የኪራይ ነው፣ ግድግዳ መብሳት አልችልም። ጥፍር የምታክል የዩኤስቢ ዋይፋይ ገዝቼ ከኋላ ሰካኋት። ስልኬ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ሆኖ እንደ ልቡ ይሠራል፣ ኮምፒውተሩ ግን አንድ መስመር ሲግናል ይዞ ይንፏቀቃል። ሌላ ልግዛ ወይስ ዴስክቶፑን ልገላገለው?

መልስ፦ ኧረ አይገላገሉት። ሌላም አይግዙ። መጀመሪያ ጎንበስ ይበሉና ያቺ ትንሽ ዕቃ የት እንደተሰካች ይዩዋት። በአንድ በኩል የኮምፒውተሩ የብረት ሳጥን (ኬዙ)፣ በሌላው በኩል ግድግዳ፣ ዙሪያዋን የገመድ ጥቅልል፣ ከላይዋ ጠረጴዛ። የራውተሩ ሞገድ እሷ ጋ ለመድረስ ስንት ነገር መዞር አለበት? ብረት ሞገድ አያሳልፍም። ስልክዎ ግን ከጠረጴዛው ላይ ፊት ለፊት ነው፣ ምንም አልጋረደውም። ውድድሩ ራሱ ፍትሐዊ አይደለም።

የዩኤስቢ ማራዘሚያ ገመድ ይፈልጉ፤ አንድ ሜትር ወይም ትንሽ ዘለግ ያለ ይበቃል። አንዱን ጫፍ ኬዙ ላይ ይሰኩና ዋይፋዩን ከጠረጴዛው በላይ ያውጡት። በቃ። ብዙውን ጊዜ ለውጡ እዚያው በዓይን ይታያል። እኔ ይህን ሳላውቅ በፊት እንደ እርስዎ ዓይነት ሁለት የዩኤስቢ ዋይፋይ (አዳፕተር) ቀያይሬአለሁ፤ ሁለቱም ዛሬ መሳቢያ ውስጥ ናቸው፣ ሁለቱም ደህና ናቸው።

ሌላ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ሰማያዊ ምላስ ያለው ቀዳዳ ዩኤስቢ 3 ነው። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ጽሑፍ እንዳሳየው፣ ዩኤስቢ 3 ሲሠራ የሚለቀው የሬዲዮ ጫጫታ ዋይፋይ ከሚሠራባቸው የሞገድ መደቦች (ባንዶች) አንዱን፣ የ2.4 ጊጋኸርዙን፣ ይረብሻል። ስለዚህ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ከአዳፕተሩ አጠገብ ሰክተው ከሆነና ፋይል በሚገለብጡ ቁጥር ኢንተርኔቱ የሚሞት ከሆነ፣ ምክንያቱን አገኙት ማለት ነው። ያራርቋቸው።

አዳፕተሩን ወደ ቆየው ዓይነት ቀዳዳ፣ ወደ ዩኤስቢ 2፣ ሲያዛውሩት ፍጥነቱ እንዳይታነቅ ከሰጉ፣ አይስጉ። በወረቀት በሰከንድ 480 ሜጋቢት ነው፣ በተግባር 300 አካባቢ፤ የቤትዎ መስመር ከዚያ በታች ከሆነ ምንም አያጎድልብዎትም። የአዳፕተር ሳጥን ላይ በትልቁ የሚጻፈው 1200 ደግሞ አያታልልዎት። እሱ የሁለት ባንድ ድምር ነው፤ 300 ሲደመር 867፣ ከዚያ ወደ ላይ ተጠጋግቶ። አንድ ኮምፒውተር በአንድ ጊዜ የሚጠቀመው አንዱን ባንድ ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልሆነ ብቻ ኬዙ ውስጥ ወደሚሰካ የዋይፋይ ካርድ ይሂዱ። ኤሌክትሪኩን ነቅለው ኬዙን ይክፈቱ፣ ማዘርቦርዱ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ላይ ከረጅሙ የግራፊክስ ካርድ ቦታ አጠገብ የአውራ ጣት ያህል አጭር ቀዳዳ ካለ ፒሲአይ ኤክስፕረስ ነው። አጭሩ ካርድ ረጅሙም ቀዳዳ ላይ ይሠራል። ያሉት ረጃጅም ነጭ ቀዳዳዎች ብቻ ከሆኑ ግን የድሮው ፒሲአይ ናቸው፣ አዲሱ ካርድ አይገባባቸውም። እናም ከመግዛትዎ በፊት ይክፈቱ እንጂ ከገዙ በኋላ አይደለም። ካርዱን ሲመርጡ አንቴናው በገመድ ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ይሁን፣ አለበለዚያ ተመልሰን እዚያው ከኬዙ ጀርባ ነን። ብሉቱዝም ያለው ከሆነ ከካርዱ ወደ ማዘርቦርዱ የዩኤስቢ ፒኖች የምትሄድ ቀጭን ገመድ አለች። እሷን ከረሱ ዋይፋዩ ይሠራል፣ ብሉቱዙ ግን የለም።

ጥያቄ፦ የገዛሁት ዋይፋይ ድራይቨሩ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ዕቃውን እንዲያውቀው የሚያደርገው ፕሮግራም፣ የመጣው በትንሽ ሲዲ ነው። የኔ ሲዲ ማንበቢያ ከሞተ ቆይቷል። ላውርድ ብል ኢንተርኔት የለኝም፣ ኢንተርኔት እንዳገኝ ደግሞ ድራይቨሩ ያስፈልጋል። ዊንዶውስ 7 ነው። ተማሪ ነኝ፣ ሌላ ኮምፒውተር የለኝም።

መልስ፦ መፍትሔው ኪስህ ውስጥ ነው። ስልክህን በገመዱ ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኝ፣ አንድሮይድ ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ ዩኤስቢ ቴተሪንግ የሚለውን አብራ። ኮምፒውተሩ የኔትወርክ ገመድ የተሰካለት ይመስለዋል። ስልኩ ዋይፋይ ላይ ከሆነ የሚያካፍለው ያንኑ ዋይፋይ ነው፤ ለማንኛውም ግን ሞባይል ዳታውን አጥፋው። ምርጫው ደብዝዞ አልነካ ካለህ ገመዱን ቀይር፣ አንዳንዱ ገመድ ቻርጅ ከማድረግ ሌላ ሥራ አያውቅም።

ድራይቨር ስትፈልግ የሞዴሉን ስም ብቻ አትመን። አምራቾች ስሙን ሳይነኩ የውስጡን ቺፕ ይቀይራሉ። ዲቫይስ ማኔጀር ግባ፣ ቢጫ ምልክት ያለበትን ክፈት፣ ዲቴይልስ ውስጥ ሃርድዌር አይዲ የሚለውን ምረጥ። ቪአይዲ እና ፒአይዲ ከሚሉት ቀጥሎ ያሉት አራት አራት ምልክቶች የዕቃው መታወቂያ ናቸው፤ በእነሱ ፈልግ። ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ 7ን መደገፍ ያቆመው እ.ኤ.አ. በጥር 2020 ነው፣ ስለዚህ ከዚያ ወዲህ ለወጡ ብዙ አዳፕተሮች ድራይቨር ላታገኝ ትችላለህ። እንደዚያ ከሆነ እና ትርፍ ራውተር ካለህ፣ በክላይንት ሞድ (ዋይፋይ ከማሰራጨት ይልቅ ተቀባይ ሆኖ) የሚሠራ መሆኑን አይተህ ዋይፋዩን እሱ ይቀበል፣ ወደ ኮምፒውተሩ በአጭር የኔትወርክ ገመድ ይግባ። ኮምፒውተሩ ዋይፋይ የሚባል ነገር መኖሩን እንኳ አያውቅም፣ የዋይፋይ ድራይቨርም አይጠይቅህም።

ጥያቄ፦ ስልኬ የቤታችንን ዋይፋይ በሁለት ስም ያሳየኛል፣ ኮምፒውተሬ ግን አንዱን ብቻ። የተበላሸ አዳፕተር ሸጡልኝ?

መልስ፦ አልተበላሸም እህቴ። ያንቺ አዳፕተር 2.4 ጊጋኸርዝን ብቻ የሚሰማ ይመስላል፤ ሳጥኑ ላይ 150 የሚል ከሆነማ ያለ ጥርጥር ማለት ይቻላል። የማይታየው ስም ሌላው ባንድ፣ 5 ጊጋኸርዙ ነው። በሚታየው ተጠቀሚ፤ ግድግዳ በማለፍ እንዲያውም እሱ ይሻላል። ስሙ እየታየሽ አልገባ የሚልሽ ቀን ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ያኔ ራውተሩ ደብልዩፒኤ3 በሚባለው አዲሱ የዋይፋይ መቆለፊያ ዘዴ ብቻ ላይ ተደርጎ እንደሆነ እዪና ከደብልዩፒኤ2 ጋር የተቀላቀለውን ምረጪ። ከዚያ በታች ያለውን፣ በተለይ ደብልዩኢፒ የሚለውን፣ ማንም ቢመክርሽ እንዳትነኪው።