መልስ፦ ከረባት የማን ቃል ነው?
ወንድሜ፣ «ከረባት ከጣሊያን መጣ ወይስ ከፈረንሳይ?» ብለሃል። ሥሩ ፈረንሳይኛው «ክራቫት» ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ለፈረንሳይ ንጉሥ የተዋጉ የክሮኤሺያ ወታደሮች አንገታቸው ላይ ጨርቅ ያስሩ ነበር። ፈረንሳዮች ወታደሩን የጠሩበት ስም ለጨርቁ ተረፈ፤ ፋሽኑም ቤተ መንግሥት ገባ። ጣሊያኖችም «ክራቫታ» ይላሉ። የእኛው ግን በ«ታ» ሳይሆን በ«ት» ማለቁ፣ እንደ እኔ፣ ወደ ፈረንሳይኛው ያደላል። ደግሞስ ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ የደረሰው በፈረንሳዮች አይደል? «ለገሃር»ም የእነርሱው «ላ ጋር»፣ ባቡር ጣቢያ ማለት ነው። በድሬ ሙቀት ከረባት ማሰር ግን ድፍረት ይጠይቃል! «ቫ» ወደ «ባ» መለወጡ አያስገርምህ፤ «ቨ» ለአማርኛ የውጭ ድምፅ ነው።